የቀለህ ማጽጃ አመራረጥ፦ ቆረቆንዳ፣ የዋልነት ቅርፊት ወይስ የብረት ሽቦ?

በዴንቨር አጠገብ በምትገኘው አውሮራ የምንኖርና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ስፍራ የምንሄድ ጥቂት ሐበሾች፣ ጥይት በየሳምንቱ ከሱቅ መግዛት ኪስን እንደሚያራቁት ከተረዳን ወዲህ የተኮስንበትን ቀለህ ሰብስበን በቤታችን መልሰን እንሞላለን። ስለ ባሩድና ስለ አረር አመራረጥ ሲነሳ ሁሉም የሚለው አያጣም፤ ቀለሁ በምን ይጽዳ ሲባል ግን አብዛኛው ሰው ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ያየውን ከረጢት አንስቶ ይወጣል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። ባለፉት ሦስት ዓመታት የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥና የ308 ዊንቸስተር ጠመንጃ ቀለሆችን በሦስት ዓይነት ማጽጃ ሞክሬያለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

አስቀድሞ ቀለህ ለምን እንደሚጸዳ መግባባት ያስፈልጋል። የቀለህ ናስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ የሆነ፣ ከብረት ይልቅ ለስላሳ ቅይጥ ነው። ከመሬት የተለቀመ ቀለህ አሸዋ እንደያዘ ወደ ዳዩ፣ ማለትም ቀለሁ ተገፍቶ ሲገባበት ወደ መጠኑ ወደሚመልሰው የብረት ቅርጽ፣ ከገባ ራሱ መጫሩ ብቻ ሳይሆን ዳዩንም ይጭረዋል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ዳይ የሚያልፈው ቀለህ ሁሉ ያንኑ ጭረት ይዞ ይወጣል። ጥቀርሻ የለበሰ ቀለህ ደግሞ ከግርጌው ከፍ ብሎ የጀመረውን ስንጥቅ ይደብቃል። የማጽዳት ቁም ነገሩ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ እንደ መስታወት ማብረቅረቁ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ አረሩን ወደ ዒላማው አያቀርበውም። ይህን የምለው ለማብረቅረቅ ብዬ ብዙ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ መሆኑን አልደብቅም።

መጀመሪያ የገዛሁት የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ነበር። ቅርፊቱ ጠንካራና ጠርዙ ሹል ስለሆነ በሚንቀጠቀጠው ማሽን ውስጥ ከቀለሁ ጋር ሲፋተግ ጥቀርሻውን ከቆረቆንዳ ፈጥኖ ያነሳል፤ የሚተወው ገጽ ግን ደብዘዝ ያለ ነው። የገዛሁት ከረጢት አምራች ይህን ለማካካስ ይመስላል ቀይ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ቀላቅሎበት ነበር። ዱቄቱ በቀለሁ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከመቅረቱም በላይ እጄንና የሥራ ጠረጴዛዬን በርበሬ የተደለዘበት አስመሰለው። ዋልነት መሞከር የሚፈልግ ሰው ዱቄት ያልተቀላቀለበትን ይግዛ፤ በቤት እንስሳት ሱቅ ለእንሽላሊት ማንጠፊያ ተብሎ የሚሸጠው ያው የተፈጨ ቅርፊት ነው።

ቆረቆንዳ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በቆሎው ከተፈለፈለ በኋላ ምድጃ ውስጥ የሚጣል ነገር ነው። እዚህ ግን ደርቆና ተፈጭቶ፣ በወንፊት እየተለየ በከረጢት ይሸጣል፤ ምርጫው ላይ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ በወንፊቱ ቁጥር ነው። ከረጢቱ ላይ 14/20 ወይም 20/40 ተብሎ የሚጻፈው፣ ወንፊቱ በአንድ ኢንች ርዝመት ስንት ቀዳዳ እንዳለው የሚገልጽ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፍሬው ይደቅቃል። የ20/40 ፍሬ በግምት ከ0.4 እስከ 0.85 ሚሊሜትር ሲሆን የ14/20 ፍሬ እስከ 1.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከፕራይመሩ (በቀለሁ ግርጌ ተቀምጦ ሲመታ እሳት ከሚያነሳው ትንሽ ቆብ) ወደ ባሩዱ እሳት የሚያልፍበት ቀዳዳ ስፋት 2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ትልልቁ ፍሬ እዚያ እየተሰነቀረ መቶና ሁለት መቶ ቀለህ አንድ በአንድ በመርፌ ሲያስለቅም ያመሻል፤ ደቃቁ ግን ከሞላ ጎደል እንደ አሸዋ ፈስሶ ይወጣል። ስለዚህ ፕራይመሩን አውጥቶ ለሚያጸዳ ሰው 20/40ን ያለማመንታት እመክራለሁ። ፍጥነቱ ከዋልነት ያነሰ ነው፤ ለእኔ ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል። የሚሰጠው ወርቅማ ገጽ ግን ከዋልነቱ የተሻለ ነው።

ቆረቆንዳ ብቻውን ሲሆን ሥራው ቀርፋፋ ስለሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የመኪና ማወልወያ እጨምርበታለሁ። ማወልወያው ከገባ በኋላ ማሽኑ ያለ ቀለህ 15 ደቂቃ ያህል መሥራት አለበት፤ አለዚያ ጓጉሎ እንደ ገንፎ በቀለሆቹ ውስጥ ይወተፋል። ማወልወያው አሞኒያ የሌለበት መሆኑ ደግሞ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። አሞኒያ ውጥረት ያለበትን ናስ ይሰነጥቃል። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ በነበሩት የጦር ሰፈሮች፣ በዝናም ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ የተከማቸ ጥይት ሳይተኮስ ቀለሁ እየተሰነጠቀ አስቸግሮ ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1921 በታተመ ጥናት ተብራርቷል። ለበር እጀታና ለመብራት መቅረዝ የተሠሩ አንዳንድ የናስ ማወልወያዎች ይህንኑ አሞኒያ ስለሚይዙ፣ የጠርሙሱን ጀርባ ሳያነቡ ከቤት ያገኙትን መጨመር አያዋጣም።

ሦስተኛው አይዝጌ የብረት ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረትና 6.5 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ በተለምዶ 5 ፓውንድ፣ ማለትም 2.3 ኪሎ ያህሉ፣ ከውሃ፣ ከጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ከሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይገባል። እናቴ የናስ ትሪዋን በሎሚና በአመድ ስትፈትግ ላየ ሰው ዘዴው አዲስ አይሆንበትም፤ አሲዱ የጠቆረውን ያሟሟል፣ የሚፋተገው ደግሞ ይጠርገዋል። ውጤቱ በእውነት ያስደንቃል፤ ፕራይመሩ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ሳይቀር ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፤ ይህን ሁለቱም ደረቅ ማጽጃዎች ሊያደርጉት አይችሉም።

ሆኖም ከዚህ ውበት ጀርባ ያለውን ጣጣ ሻጩ አይነግርዎትም። አሲዱ ሲበዛ ዚንኩ እየተሸረሸረ ናሱ ወደ ሮዝ ያደላል። በርሜሉ ከልክ በላይ ሲሽከረከር ቀለሆቹ እርስ በርስ ስለሚቀጣቀጡ የአፋቸው ጠርዝ ይደነቁላል፤ እኔ ከሁለት ሰዓት አላሳልፍም። የአንገቱ ውስጠኛ ግድግዳ ፍጹም ንጹሕ ስለሚሆን አረሩ ሲገባ ይሻክራል፤ ደረቁ ማጽጃ የሚተወው ስስ ጥቀርሻ እንደ ቅባት ያገለግል ነበርና በዚህ ምክንያት ሽቦን የተዉ ዒላማ ተኳሾች አሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሽቦ ቀለህ ውስጥ መቅረቱ ነው። አንድ ጊዜ ታጥቦ የደረቀ የ308 ቀለህ በእጄ ስነቀንቅ ኮሽታ ሰምቼ ገልብጬ ብመታው ሁለት ሽቦ ወደቀልኝ፤ ባሩድ ሞልቼው ቢሆን ኖሮ ሽቦዎቹ ከአረሩ ጋር በመሣሪያው አፈሙዝ ውስጥ ያልፉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት ሳላይ ባሩድ አልጨምርም። በኮሎራዶ ደረቅ አየር ቀለሁ በፎጣ ላይ ተዘርግቶ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ እርጥብ አገር ያለ ሰው ግን የምግብ ማድረቂያ መሣሪያ፣ ያውም ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ፣ መግዛት ይኖርበታል።

ለዚሁ ሥራ ብቻ የምልበት ምክንያት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነው። በብዙው ፕራይመር ውስጥ ያለው የእርሳስ ውህድ ሲቃጠል ቅሪቱ በቀለሁ ላይ ይቀራል፤ ደረቁ ማጽጃ ያንን ቅሪት ወደ አቧራነት ይለውጠዋል። ሽቦው በውሃ ውስጥ ስለሚሠራ አቧራ አያነሳም፤ በዚህ ረገድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቤታቸው ውስጥ ሕፃን ያለ ሰዎች ጣጣውን ሁሉ ታግሠው ሽቦን ቢመርጡ ትክክል ናቸው እላለሁ። እኔ ማሽኑን ጋራዥ ውስጥ ክዳኑን ገጥሜ አሠራዋለሁ፤ ቀለሁን ከቆረቆንዳው በወንፊት የምለየው ከቤት ውጭ፣ ማስክና ጓንት አድርጌ ነው። የተቀዳደደ የወረቀት ፎጣ ከቀለሁ ጋር ሲገባ አቧራውን እየሳበ ይጠቁራል፤ በየዙሩ አውጥቶ መጣል የቆረቆንዳውን ዕድሜም ያረዝማል።

አሁን የዘወትር ሥራዬን በ20/40 ቆረቆንዳ እሠራለሁ፤ ሽቦውን የማወጣው ቀለሁ አራትና አምስት ጊዜ ተተኩሶ ጎድጓዳው በጥቀርሻ ሲሞላ ነው፤ የተረፈኝን ዋልነት ለሚፈልግ ሰጥቻለሁ። ቆረቆንዳው ጠቁሮ ሦስት ሰዓት የነበረው ሥራ አምስት ሰዓት ሲፈጅ እቀይረዋለሁ። ባለፈው ክረምት አሮጌውን ለጎመን መደቡ ማዳበሪያ እንድሰጠው የለመነኝ ጓደኛዬ ነበር፤ እርሳስ እንዳለበት ነግሬው በፕላስቲክ አሽጌ ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር አስረክቤዋለሁ።