ኦርጅናል ሣጥን፣ የትናንሾቹ ፕላስቲክ፣ ፕሪንት ወይስ ኮፒ? የፋንታሲ ጦር ስትገነቡ ገንዘባችሁ የት ይግባ

"የፋንታሲ ዋርጌም ልጀምር ነበር ግን የሚኒያቸሩ ዋጋ አይቀመስም፣ ምን ትመክረኛለህ?" የሚል መልእክት በላይ በላዩ እየደረሰኝ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጠቅለል አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ለማያውቅ፣ ዋርጌም ማለት ጠረጴዛ ላይ ሚኒያቸር የሚባሉ ትናንሽ ቅርጾችን ጦር አድርጎ ማጋጠም ነው፣ ገዝቶ ገጣጥሞ የሚቀባቸው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሚዛናዊ ለመምሰል አልሞክርም፣ እኔ የማደላው ከኦርጅናሉ፣ ማለትም ዋርሃመርን ከሚያወጣው ትልቁ ድርጅት ከጌምስ ወርክሾፕ ይልቅ፣ ለትናንሾቹ ድርጅቶች ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የጦሩን ብዛት፣ ማለትም ተራ እግረኛውን፣ ባለ ጦሩን፣ ቀስተኛውን ከነሱ ግዙ። ጀነራሉንና ትልቁን አውሬ ብቻ ልባችሁ ከወደደው ቦታ። ኮፒ (ፎርጅዱን) ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፣ እሱ ላይ ስደርስ በደንብ እነግራችኋለሁ።

ሣጥን ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሊስት ጻፉ። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው፣ የሣጥኑ ሥዕል ያምረውና ይገዛል፣ ሌላም ያምረውና ይገዛል፣ በኋላ ሲደምረው አንዱ ከአንዱ የማይገናኝ ጥርቅም እንጂ ጦር አይወጣውም። የጌሙ ሕግ ለእያንዳንዱ ዩኒት፣ ማለትም አብሮ ለሚንቀሳቀስ ቡድን፣ እንደ ጥንካሬው ፖይንት ይሰጠዋል፣ ብዙ ሰው የሚጫወተው በድምሩ 2000 ፖይንት አካባቢ ስለሆነ መጀመሪያ ያን ጦር ወረቀት ላይ ሥሩትና የእያንዳንዱን ዩኒት ዋጋ በፖይንቱ አካፍሉት። የሣጥን ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። "100 ፖይንት ስንት ያስወጣኛል" ብላችሁ ስታሰሉ ነው ርካሽ የመሰላችሁ የጎብሊን ሣጥን ውድ፣ ውድ የመሰላችሁ ኦገር (ግዙፉ ፍጡር) ርካሽ ሆኖ ሊገኝ የሚችለው። ኪንግስ ኦፍ ዋር የሚባለው ጌም ላይ አንድ ሆርድ (ትልቅ ዩኒት) የሰው እግረኛ 40 ሚኒያቸር ነው፣ አንድ ሆርድ ኦገር ግን 6 ብቻ። ቀለሙም፣ ቤዙም (ሚኒያቸሩ የሚቆምበት መቀመጫ)፣ ለመቀባት የምትቀመጡበት ሰዓትም አብሮ ይቀንሳል። እንዲህ ስል ኦገር የማይወድ ሰው ለዋጋ ብሎ ኦገር ይግዛ ማለቴ አይደለም፣ ያልወደዳችሁትን ጦር ግማሹን ቀብታችሁ ትተዉታላችሁ፣ ከዛ በላይ ኪሳራ የለም።

የምትጫወቱት ጌምም ሂሳቡን ይቀይረዋል። ኪንግስ ኦፍ ዋር ላይ ዩኒቱ እየተመታ ቢሆንም ሚኒያቸር አንድ በአንድ አይነሳም፣ ጉዳቱ ይመዘገባል እንጂ። ስለዚህ ባለ 20 ሰው ሬጅመንት 100 በ80 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ቤዝ ላይ አጣብቃችሁ፣ መሃል ላይ ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ሰዎችን መቀነስ ይቻላል፣ እንዲያውም ከደረቀ ሰልፍ ይልቅ ያምራል። ኦልድ ወርልድ የሚባለው የጌምስ ወርክሾፕ ጌም ላይ ግን ሰው አንድ በአንድ ስለሚነሳ ቁጥሩ ሙሉ መሆን አለበት። ያው አንድ ዓይነት ጦር ሆኖ የአንዱ ጌም ሂሳብ ከሌላው ይበልጣል ማለት ነው። ዋን ፔጅ ሩልስ የሚባለው ጌም ደግሞ መሠረታዊ ሕጎቹ በነጻ ነው የሚገኙት፣ የየትኛውም ድርጅት ሚኒያቸር ይሁን ግድ የለውም፣ ለመጽሐፍ የምታወጡት ገንዘብ ወደ ሚኒያቸር ይሄድላችኋል።

እሺ፣ ኦርጅናሉ። ጥራቱ ላይ ክርክር የለኝም፣ የጌምስ ወርክሾፕ ፕላስቲክ ስፌቱ ሲገጥም መስመሩ የማይታይበት ነው፣ የጀማሪ እጅም ያምርበታል። ችግሩ ዋጋው በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ነው። ኤጅ ኦፍ ሲግማር ለሚባለው ጌሙ የሚያወጣው ተራ እግረኛ ብዙውን ጊዜ 10፣ ምርጥ የሚባለው ደግሞ 5 ሆኖ ነው በሣጥን የሚመጣው። በዛው ገንዘብ፣ አንዳንዴም ከዛ ባነሰ፣ ከትናንሾቹ 30 ሰው ታገኛላችሁ። ማለትም አንዱ ሰው በሲሶ ዋጋ ነው የሚመጣላችሁ፣ ይሄን በ100 እግረኛ አባዙት። ሌላው ነገር አዳዲሶቹ ኪቶች (ሣጥኑ ውስጥ ያሉት የሚገጣጠሙ ቁርጥራጮች) ብዙዎቹ አቋማቸው የተወሰነ ነው፣ ይቺ እጅ ለዚህ ሰውዬ ብቻ፣ ይሄ ጭንቅላት እዚህ አንገት ላይ ብቻ፣ እና አራት ሣጥን ስትገዙ አንድ ዓይነት ሰውዬ አራት ቦታ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ደግሞ የድርጅቱ ውሳኔ አለ። በ2015 የድሮው ዋርሃመር ፋንታሲ ቀርቶ ኤጅ ኦፍ ሲግማር ሲመጣ ካሬ ቤዝ ቀርቶ ክብ ሆነ። በ2024 ኦልድ ወርልድ ሲመጣ ካሬው ተመለሰ፣ ግን በድሮ መጠኑ አልተመለሰም፣ 20 ሚሊሜትር የነበረው የሰው እግረኛ 25 ሆነ፣ የኦርክ 25 የነበረው 30፣ የፈረሰኛው 25 በ50 የነበረው 30 በ60። ዓመታት የተለፋበት ጦር ያላቸው ሰዎች ወይ ሁሉንም ቤዝ መቀየር ወይ ክፍተቱን የሚሞላ ትሪ መግዛት ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ ከየትም ግዙ፣ ሚኒያቸሩን ከቤዙ ጋር በፕላስቲክ ግሉ (ለፕላስቲክ በተሠራው ማጣበቂያ) አታጣብቁ፣ ፕላስቲክ ግሉ ሁለቱን አቅልጦ አንድ ነው የሚያደርጋቸው። ለእግሩ ሱፐርግሉ ተጠቀሙ፣ ነገ መቀየር ቢመጣ በስለት ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ጠቅ ስታደርጉት ይለቃል።

ኦርጅናል የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ድርጅቱ ራሱ የሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ልትሳተፉ ካሰባችሁ የራሱን ሚኒያቸር ይፈልጋል። ከዛ ውጪ ጓደኛሞች ቤት ለሚጫወቱት ጨዋታ ሙሉ ጦር በኦርጅናል መግዛት ለኔ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት የለውም።

ወደምወደው፣ ወደ ትናንሾቹ ድርጅቶች ልምጣ። ማንቲክ፣ ኖርዝ ስታር ኦትማርክ ለሚባለው ጌም የሚያወጣቸው፣ ዋርጌምስ አትላንቲክ፣ የሰው ጦር ለምትሠሩ ደግሞ ፔሪ። ፔሪ መንትያ ወንድማማቾች ናቸው፣ ማይክልና አለን፣ ለረጅም ዓመታት ጌምስ ወርክሾፕ ሚኒያቸር ይቀርጹ የነበሩ ሰዎች፣ የራሳቸው ድርጅት የሚያወጣው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ እግረኛ ሣጥን 40 ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ታሪካዊ ነው እንጂ ፋንታሲ አይደለም፣ ግን ለሰው ጦር ባለ ቀስቱም ባለ ረጅም ዘንግ መሣሪያውም ልክክ ይላል። የኦትማርክ ድዋርፍ እግረኛ 30 ነው፣ አምስት አምስት ሰው ያለበት ስድስት ፍሬም (ቁርጥራጮቹ ተያይዘው የሚመጡበት ፕላስቲክ)። እጅና ጭንቅላቱ እንደልብ ይቀያየራል፣ ጋሻ ይተርፋል፣ መጥረቢያ ይተርፋል፣ ጭንቅላት ይተርፋል፣ እና የተረፈውን የምትጥሉ እንዳይመስላችሁ። እኔ ትርፍ ጭንቅላት ለብቻ በቆርቆሮ ነው የማስቀምጠው፣ ከአንዱ ሣጥን የተረፈ የራስ ቁር ሌላው ሣጥን ላይ ሲገባ ማንም ያልሠራው ጦር ይሆናል። ጦር ዲዛይን ማድረግ የሚባለው ለኔ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ጋሻ ላይ አንድ ምልክት፣ ሁሉም ቤዝ ላይ አንድ ዓይነት አፈር፣ ሁሉም ዩኒት ላይ አንድ የሚደጋገም ቀለም አድርጉበት፣ ከሦስት ድርጅት የመጣ መሆኑን አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው አያውቅም።

ጉድለቱንም ልናገር። የነዚህ ሰውነት ቀጠን ያለ ነው፣ እጅና ጭንቅላታቸው ወደ እውነተኛው ሰው መጠን ይጠጋል፣ ኦርጅናሉ ደግሞ እጁም ጭንቅላቱም ተለቅ ይላል። አንድ ዩኒት ውስጥ ጎን ለጎን ከቀላቀላችኋቸው ልዩነቱ አይን ያወጣ ነው፣ ስለዚህ ዩኒት በዩኒት ለዩዋቸው። በእጃቸው የያዙት ጦር ቀጭን ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ቶሎ ይሰበራል፣ ይሄን ቀጭን የናስ ሽቦ ቆርጦ መተካት ነው፣ ከዛ በኋላ እጃችሁን ይወጋችኋል እንጂ አይሰበርም። አንዳንድ የቆዩ ሣጥኖች ደግሞ ፊታቸው ደብዛዛ ነው፣ የሣጥኑን ሥዕል ሳይሆን ሰዎች ቀብተው ያነሱትን ፎቶ አይታችሁ ግዙ።

ፕሪንት፣ ማለትም ሚኒያቸሩን በ3ዲ ፕሪንተር ራስ ማውጣት፣ የሚለው ጥያቄ ብዙ ይመጣል፣ "ፕሪንተር ብገዛ አይሻልም ወይ፣ አንዱ ሚኒያቸር እኮ በሳንቲም ነው የሚወጣው" ይላሉ። ሬዚኑ (ፕሪንተሩ በብርሃን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ብቻ ሲታሰብ እውነት ነው። ግን ሬዚኑ ብቻውን አይመጣም። ማጠቢያ አልኮል አለ፣ ኬሚካል የማያሳልፍ ጓንት አለ፣ ማድረቂያ የዩቪ መብራት አለ፣ የሬዚን ገንዳው ስር ያለችው ስስ ፕላስቲክ ትቀደዳለች፣ ስክሪኑ ራሱ ዕድሜው ሲያልቅ የሚቀየር እቃ ነው፣ ፋይሉም ይገዛል፣ ከሽፎ የሚጣለውም ሬዚን ተገዝቶ የመጣ ነው። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያመጣል፣ ሽታውም አየር በደንብ የሚንሸራሸርበት ክፍል ይፈልጋል፣ መኝታ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አይደለም። ውስጡ ክፍት ተደርጎ የወጣ ትልቅ አውሬ ደግሞ ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ወይም ውስጡ በደንብ ካልታጠበና ካልደረቀ፣ የታሰረው ሬዚን ቀስ እያለ ይገፋውና ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ ከቆመ ከወራት በኋላ ስንጥቅ ብሎ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያለቅሳል። ያን ቀለሙን ሳያበላሹ መጠገን አይቻልም። ሁለት ሦስት ጦር ለመሥራት ያሰበና የማሽን ጣጣ የሚወድ ሰው ካለ ይግዛ፣ ያዋጣዋል። ለአንድ ጦር ግን ፕሪንተር መግዛት ሌላ ትርፍ ሥራ መግዛት ነው። ፕሪንተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ጀነራሉን ብቻ አሠሩ፣ ፋይሉን በሕጋዊ መንገድ ገዝታችሁ።

አሁን ኮፒው። ኮፒ ማለት የኦርጅናሉን ሚኒያቸር ሞልድ አውጥቶ በርካሽ ሬዚን ደግሞ መቅዳት ነው። አንድ ጓደኛዬ ትልቅ ድራጎን በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ገዛና አልገጥም ሲለው ይዞልኝ መጣ። ግራ ክንፉ ከትከሻው ጋር ሲገናኝ የትንሿ ጣቴ ጫፍ የሚገባበት ክፍተት ነበረው። ሞልዱ ሲገጠም ሸርተት ብሎ ስለነበር መስመሩ ፊቱን ለሁለት ከፍሎ አንዱ ዓይን ከሌላው ዝቅ ብሏል፣ ጥርሶቹ መሃል የአየር አረፋ ስለነበር ሦስቱ ገና ከከረጢቱ ሳይወጡ ተሰብረዋል። ክንፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አቃናሁት፣ ሲያድር መልሶ ተንጋደደ። ፒን ላደርግ፣ ማለትም በሽቦ ላያይዘው፣ በቀጭን መብሻ ስበሳው ሬዚኑ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። በመጨረሻ የናስ ሽቦ ከትከሻው እስከ ክንፉ መሃል ቀብረን፣ ክፍተቱን በሁለት ቀለም በሚደባለቀው የኢፖክሲ ማስቲሽ ሞልተን፣ ቅርፊቱን በመርፌ እየወጋሁ ቀረጽኩለት። ፕሪመር (ከቀለም በፊት የሚረጨውን) ስንረጭ ደግሞ ሆዱ ላይ እየተላጠ ተነሳ፣ ሞልዱ ላይ የሚቀባው ቅባት አልለቀቀም ነበር፣ ተላጦ በሳሙናና በለብታ ውሃ ታጥቦ እንደገና። ማስቲሹ፣ ሽቦው፣ መብሻው፣ ሁለተኛው ፕሪመር ሲደመር ከኦርጅናሉ ዋጋ ብዙም አልራቀም፣ እና አሁንም የተጣመመ ድራጎን ነው ያለው። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ይሄ ነው። ሻጩ ገንዘብ ለመመለስ ፈቃደኛ አልነበረም፣ ለሌላ ሰው መሸጥም አይቻልም፣ ፎርጅድ መሆኑ እየታወቀ ማን ይገዛዋል። የቀረጸው ሰው ደግሞ ሳንቲም አያገኝበትም፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሬዚን ስትሞርዱ ወይም ስትቆርጡ ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ ማስክ አድርጉ፣ በውሃ እያረጠባችሁ ሞርዱ።

ያገለገለ ጦር መግዛት ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ሰው ሰልችቶት የሚሸጠው ጦር አንዳንዴ ከአዲሱ በግማሽ ይወርዳል፣ ቀለሙ ወፍሮ ቢሆንም አትፍሩ። ጠንካራ ፕላስቲክ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ አሳድራችሁ በጥርስ ብሩሽ ስትፈትጉት ይለቃል። አሴቶን ግን ፕላስቲክ ላይ እንዳታደርጉ፣ ያቀልጠዋል፣ እሱ ለብረት ሚኒያቸር ነው። ሬዚን ከሆነ አልኮሉም ብዙ ከቆየ ሊጎዳው ስለሚችል መጀመሪያ ጋሻ ወይም የማያስፈልግ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

እና አንድ ሰው ዛሬ ይጀምር ቢባል፣ ገንዘቡን ግማሽ አካባቢ ለትናንሾቹ ፕላስቲክ፣ ሩብ የሚሆነውን ለአንድ ጀነራልና ለአንድ ትልቅ አውሬ፣ ቀሪውን ለቀለም፣ ለፕሪመር፣ ለቤዝና ለግሉ ይመድብ እላለሁ። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል፣ ከዛ ጦሩ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሁሉንም ሣጥን በአንድ ጊዜ አትግዙ፣ አንድ ገዝታችሁ ሠርታችሁ ቀብታችሁ ከወደዳችሁት ነው ሁለተኛው የሚመጣው።

ያገለገለ ስትገዙ ኮፒ እንዳይገባባችሁ ሻጩን የቤዙን ሥር ሳይሆን የእግሩን ሥርና የሰይፉን ጠርዝ ቀረብ ያለ ፎቶ ጠይቁት። ፕላስቲክ ነው ተብሎ የሚሸጥ ነገር ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ክብ ቀዳዳ ካለው፣ ወይም ከፍሬም የተቆረጠበት ነጥብ ፈንታ ወፍራም የሬዚን ጉማጅ ካለበት፣ ኮፒ ነው። ፎቶውን ላለመላክ ሰበብ ካበዛም አትግዙት።