ለቤት ፐንች የቱን ወይን ልግዛ? ጉደር፣ አክሱሚት፣ አኬሺያ ወይስ ሪፍት ቫሊ (ለጅማ ልጆች)

ለፍራፍሬ ፐንች (ፍራፍሬና ማር የተዘፈዘፈበት ወይን) ከሆነ የምትገዙት ጉደር ግዙ። ብዙ ሰው ፐንች ጣፋጭ ነገር ስለሆነ ወይኑም ጣፋጭ መሆን አለበት ብሎ ያስባል፣ ግን እኮ ፍራፍሬው ራሱ ስኳር አለው፣ ማር ይገባበታል፣ አንዳንዱ ደሞ ለስላሳ ይደፋበታል፣ በዛ ላይ ወይኑም ጣፋጭ ከሆነ እንግዳው ግማሽ ብርጭቆ ሳይጨርስ ይሰለቸዋል።

ጉደር ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ ነው። ብቻውን ሲጠጡት ከበደን የሚሉ አሉ፣ ለፐንች ግን የሚፈለገው ያ ክብደቱ ነው፣ ብርቱካንና ማር ሲያገኝ ይለዝባል፣ ጣፋጭነቱንም በማንኪያ እየጨመራችሁ እየቀመሳችሁ እናንተው ትወስናላችሁ። ከጣፋጭ ወይን ላይ ግን ስኳሩን መልሶ ማውጣት የለም። ዋጋውም ከነሪፍት ቫሊ ቀለል ይላል፣ ለድግስ 4 እና 5 ጠርሙስ ስትገዙ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አክሱሚትም እንደ ጉደር የአዋሽ ወይን ፋብሪካ ነው፣ ቀይ ሆኖ ጣፋጭ። ወይን ያልለመዱ እንግዶች ካሏችሁ ይወዱታል፣ እሱን ከገዛችሁ ግን ማሩን ጭራሽ ተዉት፣ በ1 ጠርሙስ (750 ሚሊ) የ1 ሎሚ ጭማቂ ጨምቁበት፣ አምቦ ውሃውንም በዛ አድርጉት። አኬሺያ መሃል ላይ ነው፣ ካስትል ዝዋይ የሚሰራው ሚዲየም ስዊት፣ ቀዩም ነጩም ሮዜውም (ሮዝ ቀለም ያለው) አለ። እኔ ሮዜውን ለአናናስ እመርጠዋለሁ ምክንያቱም ቀለሙም ያምራል ጣዕሙም አናናሱን አይጫነውም፣ ማር ከገባ 1 ማንኪያ ይበቃዋል።

ሪፍት ቫሊን በተመለከተ ልለምናችሁ፣ ፐንች ውስጥ አትክተቱት። ሜርሎውም ሲራውም ካበርኔ ሶቪኞኑም የየራሱ ጣዕም ያለው ወይን ነው፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ከገባበት በኋላ ያ ሁሉ ይጠፋል፣ ገንዘባችሁም አብሮ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ እሱን ከጥብስ ጋር ለብቻው ክፈቱት። ከሚላ ደሞ የአዋሽ ድራይ ነጭ ነው፣ ቀለል ያለ ፐንች ለሚፈልግ ከብርቱካንና ከዝንጅብል ጋር ጥሩ ይሄዳል፣ ለቀረፋ ግን ቀይ ይሻላል።

ፍራፍሬው ላይ እኛ ጅማ ያለን ሰዎች እድለኞች ነን። ብርቱካን ግዴታ ነው፣ አናናስ ደሞ እዚሁ ጅማ መርካቶ ስትገዙ ቂጡን አሽትቱት፣ ካልሸተተ አልበሰለም፣ የመፍላት ሽታ ካለው ደሞ አልፎበታል። አፕል መግዛት አለብኝ ወይ ለሚል፣ ከተገኘ አሪፍ ነው ምክንያቱም ሳይፈርስ ያድራል፣ ከውጪ የሚገባው ግን ውድ ነው፣ የጨንቻው ካጋጠማችሁ እሱን ውሰዱ። ካልሆነ ጠንከር ያለ ዘይቱን ዘሩን አውጥታችሁ ቆራርጡበት፣ ሽታው ብቻውን ቤቱን ይሞላዋል። ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶ አይሆኑም፣ ይሟሙና ጆጉን ድፍርስ ያደርጉታል።

ማር ወይስ ስኳር? ማር፣ ያውም የጫካ ማር፣ ግን የተጣራ ይሁን። ሰፈፉ ያልወጣለትን ከከተታችሁ ሰሙ ተንሳፍፎ ብርጭቆው አፍ ላይ ስስ ቅባት ሆኖ ይለጠፋል፣ ከንፈር ላይም ይቀራል፣ ደስ አይልም። ማር ደሞ ቀዝቃዛ ወይን ውስጥ አይሟሟም፣ ታች ይተኛል፣ ስለዚ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ቀድማችሁ በጥብጡት። ቀረፋው እንጨቱ ይሁን እንጂ የተፈጨው አይሁን፣ ዱቄቱ አተላ ይሆንባችኋል። ኮረሪማ ሀገሩ እዚሁ ስለሆነ መሞከሩ አይከፋም፣ ግን ከ1 ፍሬ በላይ እንዳታስገቡ፣ ወይኑን ቡና ያስመስለዋል።

አሰራሩ ቀላል ነው፦ ለ1 ጠርሙስ ጉደር 1 ብርቱካን፣ ሩብ አናናስ፣ 1 አፕል ወይ 2 ዘይቱን፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 1 ቀረፋ፣ 3 ቅርንፉድ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሰአት ይቆይ። ሲያድር ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እንደዛ ከሆነ ብርቱካኑን ላጡት፣ ከቅርፊቱ ስር ያለው ነጩ ነገር ሲያድር ይመራል። አምቦው የሚገባው ልትቀዱ ስትሉ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ጋዙ ያልቃል።

ማታ ብርድ ካለ ደሞ ትኩሱን ስሩ፣ ለትኩሱ ጉደር ወይ አክሱሚት እንጂ ሮዜ አይሆንም፣ አምቦም አይገባበትም። እሳቱ ዝቅ ይበል፣ እንፋሎት ማውጣት ሲጀምርና የድስቱ ዳር ገና አረፋ ሳያወጣ አውርዱት፣ አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ከፈላ አልኮሉ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም የተቀቀለ ጁስ ይመስላል።

የማይጠጣ እንግዳ ሁሌም አለ፣ ጅማ ላይማ በደንብ። ለነሱ የምትሰሩት ጆግ ላይ ወይን ስለሌለ ብቻ ተራ ነገር አትስጧቸው፣ የአናናስና የብርቱካን ጭማቂ በቀረፋና በዝንጅብል አጣፍጣችሁ በአምቦ አቅርቡላቸው፣ ቀድማችሁ ስሩት፣ ጭልፋውም ማማሰያውም ወይን ያልነካው ይሁን፣ የትኛው ጆግ የትኛው እንደሆነም ሳይጠይቋችሁ ንገሯቸው።

ከተረፈ ፍራፍሬውን አውጥታችሁ ፈሳሹን ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ በማግስቱ ይጠጣል፣ ከ2 ቀን በላይ ግን አታቆዩት።