የማርስ ሰፈር ዳኛ፦ ከምድር ወይስ ከሰፈሩ?

ጎጃም፣ መርዓዊ አካባቢ፣ የቆጋ መስኖ ውሃ በተራ ነው የሚለቀቀው። ተራ ሲዛነፍ ገበሬው መጀመሪያ የሚሄደው ውሃውን በተራ ወደሚያከፋፍለው ሰው፣ ወደ ውሃ አባቱ ነው። ፍርድ ቤት ኋላ ይመጣል። ወደፊት ሰዎች ማርስ ላይ ቢሰፍሩም ጠባቸውን ለመዳኘት ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ የምድር ሕግ ነው። የ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕዋ ስምምነት መንኮራኩሩን የመዘገበው አገር ውስጡ ያሉትንም ሰዎች ይዳኛል ይላል። መሬቱን ግን የትኛውም አገር የኔ ማለት አይችልም።

ሌላው ራስን ማስተዳደር ነው። ከማርስ የተላከ መልእክት ምድር ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። በኦክስጅን ድርሻ ጠብ ቢነሳ ማን ይጠብቃል? የዕለት ጉዳይን እኔ ለሰፈሩ እሰጣለሁ። ግን አየሩን የያዘው ሰው ዳኛም ከሆነ ያስፈራኛል። እዚያ በር ከፍቶ መሸሽ የለም። ነፍስና ነፃነት የሚነካውን ክስ የምድር ዳኛ ይየው።