«ዲፕ ክሊኒንግ» (ጥልቅ ጽዳት) ብለው ፍሪጅ በስተው የሚሄዱትን ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ አንደበቴ ካመለጠኝ ይቅርታ።

«የፍሪጅ ዲፕ ክሊኒንግ፣ ቤት ለቤት፣ በ1,200 ብር፣ በ40 ደቂቃ!» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ቲክቶክ ላይ ናቸው፣ ቴሌግራም ላይ ናቸው። ስማቸው ይቀያየራል፣ ቪዲዮው ግን ያው ነው፦ የጠቆረ የበር ጎማ፣ ነጭ አረፋ፣ ከዚያ የሚያብረቀርቅ ፍሪጅ። ጾም ሊፈታ ሲል ደግሞ ይብሳሉ፤ ሰው ሁሉ ለሥጋና ለቅቤ ቦታ የሚያዘጋጅበት ሰሞን መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ።

መጀመሪያ ነገር ያ 40 ደቂቃ ራሱ ውሸት ነው። ባለ አንድ በር ፍሪጅ፣ ፍሪዘሩ ሁለት ጣት የሚያህል በረዶ ከያዘ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውስጡ የፈላ ውሃ በድስት ተቀምጦ እየተቀያየረም ቢሆን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈልጋል። በክረምት ብርድ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ «በ40 ደቂቃ» ሲሏችሁ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በረዶውን በብረት ፈልፍለን እናወጣዋለን ነው።

የሆነውም እሱ ነው። ጠርቻቸው ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ መደርደሪያና መሳቢያውን ያወጣል፣ ሌላኛው ወዲያው ከቦርሳው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ መዘዘ። «ወንድሜ፣ እሱን መልሰው። በሙቅ ውሃ ይቀልጣል፣ እኔ አልቸኩልም» አልኩት። ዞሮም አላየኝም። «ማዘር፣ እኛ በቀን ስንት ፍሪጅ ነው የምንሠራው፤ አይጨነቁ» አለ።

በረዶ የሚጠነክረው ከፍሪዘሩ ወለል የኋላ ማዕዘን ላይ ነው፤ እዚያ ቀልጦ የወረደው ውሃ ተጠራቅሞ እንደገና ስለሚረጋ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ልጁ የካቻቢቴውን ጫፍ እዚያ ስር ሰካና እጀታውን በመዳፉ መታ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። በረዶው እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገንጥሎ መጣ። ከስሩ አሉሚኒየሙ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት፣ በጭረቷ ጫፍ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ቀረች። ከዚያ ድምፁ፦ ጽስስስስ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ። በአውራ ጣቱ ደፈናት፣ ድምፁ ቆመ። ጣቱን አነሣ፣ ቀጠለ። ጓደኛውን አየው፤ ጓደኛው ስልኩን አየ።

«ምንድነው እሱ?»

«በረዶ ሲላቀቅ የታፈነ አየር ይወጣል ማዘር፣ ኖርማል ነው።»

ኖርማል አይደለም! የዚህ ዓይነት ፍሪጅ ፍሪዘር ግድግዳው ተራ ቆርቆሮ መስሎ ይታያል እንጂ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ፊቱ ላይ ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት መስመሮች ጌጥ አይደሉም፣ ጋዙ የሚዞርባቸው ቦዮች ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘሉም። ማንኛውም ሹል ብረት፣ ቢላዋም ይሁን ካቻቢቴ፣ በአንድ ምት ይበሳዋል። ፍሪጅ እጠግናለሁ፣ አጸዳለሁ ብሎ እንጀራ የሚበላ ሰው ይህን አላውቅም ሊል አይችልም።

ከዚህ የባሰው የጋዙ ዓይነት ነው። ከኮምፕሬሰሩ (ከኋላ ካለው ሞተር) አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ነበልባል ካለና «አር 600ኤ» ከተባለ፣ ውስጡ ያለው ኢሶቡቴን ነው። ከምድጃው የሲሊንደር ጋዝ ጋር አንድ ዘር ነው፣ ይቀጣጠላል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ የእኛው ላይ 35 ግራም ይላል፤ ግን የሲሊንደሩ ጋዝ ሲያፈስ እንድናውቀው ሽታ ይጨመርበታል፣ የፍሪጁ ጋዝ ግን ሽታ አይጨመርበትም። ከፍሪጁ ሁለት እርምጃ ላይ ወጥ እየተንተከተከ ነበር። ሄጄ ምድጃውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይነኩ ነገርኳቸው። ልጁ ሳቀ። «ማዘር፣ ፊልም ያያሉ እንዴ?»

ይህም ይሁን። ክህደቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከኪሱ ሱፐር ግሉ አወጣ፣ ቀዳዳዋ ላይ ጠብ አደረገባት፣ በጨርቅ ጠራረገ፣ መደርደሪያዎቹን መለሰ፣ ሶኬቱን ሰካ፣ በሩን ከፍቶ እንደ አስማተኛ እጁን ዘረጋ። «ይኸው፣ መብራቱ በርቷል! ሞተሩም እየሠራ ነው፣ ይስሙት። አሁን እስከ ማታ አይክፈቱት፣ ይቀዘቅዛል።»

እስከ ማታ አይክፈቱት! እነሱ ደህና አድርገው እስኪርቁ ማለት ነው። አምፖሉ ከበሩ ማብሪያ ጋር ብቻ የተገናኘ ነው፤ ጋዝ ባይኖርም ይበራል፣ ኮምፕሬሰሩ ቢቃጠልም ይበራል። ሞተሩም ጋዝ ሳይኖረው ሊያጉረመርም ይችላል፤ እንዲያውም ቅዝቃዜው ስለማይደርስ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አያቋርጠውም፣ ያለ እረፍት ይሠራል። ጉዳቱም እዚህ ጋ ነው። በአር 600ኤ ፍሪጅ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ በፍሪዘሩ በኩል ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ በዚያ ብርድና እርጥበት አይዝም። ስለዚህ ፍሪጁ በቀዳዳዋ በኩል የወጥ ቤቱን አየርና እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። እርጥበቱ ሄዶ ፀጉር የምታህለዋ ካፒላሪ ቱቦ አፍ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎም ኮምፕሬሰሩን ይበላዋል። አንዲት ቀዳዳ የነበረችው ነገር ወደ ኮምፕሬሰር ቅያሪ የምትሄደው በዚህች «ሰክተው ይተዉት» በምትል ምክር ነው። በእጄ ነቀልኩት።

«ታዲያ ካልፈለጉ የእርስዎ ጉዳይ፤ ሒሳባችንን ይስጡን» አለኝ ያ የቦርሳው ባለቤት። በር ላይ ቆመው 1,200 ብራቸውን ሳይቀበሉ ንቅንቅ አሉ እንዳትሉ።

ቢሯቸው ስደውል ያነሣችው ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፍሪጁ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ነው። ስለቀዳዳው ስነግራት «ያረጀ ፍሪጅ ሲጸዳ የተደበቀ ችግሩ ይወጣል» አለች፤ አፍታ ሳትቆይ ደግሞ «ጋዝ ሙሌት ከፈለጉ ለእኛ ደንበኛ በቅናሽ 6,500 እናደርግልዎታለን»። የተደበቀ ችግር! ካቻቢቴው ነው የተደበቀው ችግር? የበሱትን መልሰው ሊሸጡልኝ ነው። በንግግሯ ውስጥ ያለው ንቀት ከብሩ በላይ ነው ያቃጠለኝ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በዕለቱ ለስንተኛ ሰው እየደገመችው እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ደግሞ ያ «ጋዝ ሙሌት» የሚሉት ራሱ ሌላ ማጭበርበሪያ ነው። ቀዳዳ ሳይደፈን ጋዝ መሙላት ብር ማቃጠል ነው። በትክክል ሲሠራ፣ የቀረው ጋዝ ክፍት ቦታ ላይ ይወጣል፣ ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ለአሉሚኒየም በሚሆን ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚቀባ ኤፖክሲ ይደፈናል ወይም ፍሪዘሩ ይቀየራል፣ እርጥበትና ቆሻሻ የሚይዘው ፊልተር ድራየር በአዲስ ይተካል፣ በናይትሮጅን ተሞልቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱ በሳሙና አረፋ ይታያል፣ ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አየሩና እርጥበቱ ይሳባል። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ ይገባል። 35 ግራም በሚወስድ ፍሪጅ ላይ 10 ግራም መሳሳት ማለት ከሩብ በላይ መሳሳት ነው፤ «በልምድ እናውቀዋለን» የሚባልበት ሥራ አይደለም። ፓምፕና ሚዛን ሳይዝ አንድ ጣሳ ጋዝ ብቻ አንጠልጥሎ የመጣ ሰው ጠጋኝ ሳይሆን አባባይ ነው። አር 600ኤ በሚል ፍሪጅ ላይ ሌላ ዓይነት ጋዝ የሆነውን አር 134ኤ የሚሞሉም አሉ። ዘይቱ አይስማማም፣ ግፊቱ አይገናኝም፣ ኮምፕሬሰሩ ዕድሜው ያጥራል።

«ጽዳቱ»ስ? እሱንም ላውራው፤ ለእሱ ነበርና የተከፈለው። በረኪናና አቼቶ አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቀሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ አስም ላለበት ሰው አደጋ ነው። በዚያው በረኪና የበሩን ጎማ ፈተጉት። ቪዲዮው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያምረው ጎማ ይሄው ነው፤ በረኪና እየደጋገመ ሲነካው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በሩ በደንብ መግጠም ያቆማል። በሩ ካልገጠመ እርጥብ አየር ሌት ተቀን ይገባል፣ ያ አየር ነው ፍሪዘሩ ላይ በረዶ የሚሆነው። በረዶው ቶሎ ቶሎ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው ጎማው ነበር፤ የ10 ብር ኖት በሩ መሃል አስገብቶ ዘግቶ መሳብ ነው፣ ሳይያዝ ሾልኮ ከመጣ እዚያ ቦታ ላይ አይገጥምም። በሁሉም ጎን መሞከር ነው። ይህን ያደረገ የለም።

ጎማ የሚጸዳው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ላርጎ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ እጥፋቱ እየተገለጠ ነው፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የመስታወት መደርደሪያውን ከብርዱ አውጥተው ወዲያው ሙቅ ውሃ አፈሰሱበት። አልተሰነጠቀም፣ ዕድል ነው። ግማሽ ሰዓት ውጭ አስቀምጦ የክፍሉን ሙቀት ካገኘ በኋላ ማጠብ ምን ይከብዳል?

ሽታው ደግሞ አለ፤ የቅቤ፣ የሽንኩርት፣ የተረሳ ሥጋ ሽታ። እነሱ በሽቶ ነው የሸፈኑት፣ ለምግብ ማስቀመጫ! ሽታ የሚለቀው በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ግድግዳውን፣ መሳቢያውን፣ የእንቁላል ማስቀመጫውን ሁሉ በመወልወልና በንጹሕ ውሃ በመድገም ነው። ከዚያም ካልለቀቀ ሽታው ያለው ሰው በማያየው ቦታ ነው። የቀለጠው ውሃ የሚወርድባት ቀዳዳና ከኋላ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለችው የውሃ መቀበያ ትሪ። ቀዳዳዋ በሰላጣ ቅጠልና በፍርፋሪ ትደፈናለች፤ በትልቅ ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ እየገፉ ማስለቀቅ ነው፣ ሽቦ አይገባም። ትሪዋ ውስጥ ደግሞ ስንት ጊዜ የቆየ ጥቁር ውሃና የበረሮ ጎጆ ታገኛላችሁ። «ዲፕ» የሚያሰኘው ይሄ ሥራ ነበር። ፍሪጁን ከግድግዳው እንኳ አላንቀሳቀሱትም። ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግ በአቧራ ተሸፍኖ እንደነበረ አለ፤ እሱ በደረቅ ብሩሽ ሲጠረግ ነው ኮምፕሬሰሩ ትንፋሽ የሚያገኘው።

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ራሳችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ አቅልጡት፣ ያኔ ብረት የሚፈልግ ነገር አይኖርም። ሰው ከጠራችሁ በስልክ «በረዶውን በምን ታወጡታላችሁ?» በሉና መልሱን ስሙ። ኋላ ያለውን ወረቀት ቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሥራው ሲያልቅ መብራቱን ሳይሆን ፍሪዘሩን በእጃችሁ ፈትሹ፤ ጤነኛ ፍሪጅ ሲሰካ ግድግዳው ከሩብ ሰዓት በኋላ ጣት ላይ ይታወቃል፣ ይህን ሳታዩ አትክፈሉ። ደረሰኝም ጠይቁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ የማግኘትና ለደረሰ ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ ግን ወረቀት ከሌለ መጣንም ነካንም አይሉም። እነዚህኞቹ ደረሰኝ ስላቸው «ማሽኑ ቢሮ ነው፣ በቴሌግራም እንልካለን» ብለው ነው የሄዱት። ሲመሽ አካውንቱ ላይ ስጽፍ ብሎክ ተደርጌያለሁ። ማስታወቂያው ግን እስካሁን ይሠራል፣ እንዲያውም ዋጋውን ለበዓል ብለው 999 አድርገውታል።