ፓክድ ኤክስተርናል ወይስ ኬዝና ዲስክ ለየብቻ?

«ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬን ሰካሁት፣ መብራቱ ይበራል፣ ላፕቶፑ ግን አላነብ አለኝ። ሌላ ልግዛ?»

በዚህ ወር ሦስት ሰው በዚሁ ጥያቄ ደውሎልኛል። ለሦስቱም ያልኩት አንድ ነው፤ መጀመሪያ ኬብል ቀይሩ። ያ ጫፉ ሰፋ ብሎ ለሁለት የተከፈለው ኬብል ቶሎ ይላላል። እኔ አዲሱን በ300 ብር ነው የገዛሁት። ለአዲስ ኤክስተርናል የተጠየቅኩት 9,500 ነው።

ኬብሉ ካልሆነ ጆሯችሁን አስጠጉት። ዲስኩ ሊዞር ሞክሮ ቆሞ፣ ደግሞ የሚሞክር ከሆነ ኃይል አንሶታል። አሮጌው ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ስለዚህ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሰክታችሁት ከሆነ ንቀሉና ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። ቀጭ ቀጭ ካለ ግን በቃ፣ ደግማችሁ አትሰኩት። ውስጡ የሚያነብበት ክንድ ተጎድቷል፤ በሰካችሁት ቁጥር ይብስበታል። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ ደግሞ እሺ እንዳትሉ።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ አልሆነም፣ መግዛት ግድ ሆነ እንበል። ገበያ ላይ የምታገኙት ፓክድ ኤክስተርናል (ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣው)፣ ኬዝ (ዲስኩ የሚገባበት ባዶ ቤት) እና የላፕቶፕ ዲስክ ለየብቻ፣ ወይ ደግሞ ያ ክብሪት የሚያህል «2 ቴራ ኤስኤስዲ» (የሚዞር አካል የሌለው ዲስክ) ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ የተበላሁት እሱ ላይ ነውና። ሻጩ 2,800 አለኝ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ስል ሳያንገራግር 300 ቀነሰልኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ 180 ጊጋ የቤተሰብ ፎቶና ቪዲዮ ጫንኩበት። ላፕቶፑም 2 ቴራ ብሎ ያሳያል፣ ኮፒውም አለቀ። ከሳምንት በኋላ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደህና ናቸው። የቀሩት ስማቸውም መጠናቸውም አለ፣ ግን አይከፈቱም።

በቢላ ጫፍ ፈለቀቅኩት። ጣት የምታክል ቦርድ፣ ቦርዷ ላይ የስልክ ሚሞሪ ካርድ፣ ከጎኗ ደግሞ እቃው እንዲከብድ በሙጫ የተለጠፈ ብረት። ካርዱ ላይ 64 ጊጋ ይላል። እኔ 2,500 ብር የከፈልኩት ለእሱ ነው። ለብረቱም ጭምር።

አሁን የምገዛው ኬዝና ዲስክ ለየብቻ ነው። ያገለገለ 1 ቴራ የላፕቶፕ ዲስክ 3,800፣ ኬዙ 1,100፣ ድምር 4,900። የፓክዱ ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። ዶላር ሲነቃነቅ ዋጋውም ስለሚነቃነቅ ልዩነቱን እንጂ ቁጥሩን አትያዙብኝ።

ደግሞ ነገሩ የዋጋ ብቻ አይደለም። በእጄ ካለፉት «የሞቱ» ኤክስተርናሎች አብዛኞቹ የሞተባቸው ሶኬቱ ነው፤ ዲስኩ ደህና ነበር። ኬዝ ከሆነ ሁለት ብሎን ፈትታችሁ ዲስኩን ሌላ ኬዝ ውስጥ መክተት ነው። የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ የተረፈው እንዲህ ነው፣ በ1,100 ብር። ፓክድ ላይ ሁሌ አይሠራም። ለምሳሌ ብዙዎቹ የደብልዩዲ ማይ ፓስፖርት ሞዴሎች የዩኤስቢ ሶኬታቸው የተበየደው ዲስኩ ራሱ ቦርድ ላይ ነው። ቅርፊቱን ብትከፍቱትም ዲስኩ ሌላ ኬዝ ውስጥ አይገጥምም። ከዚያ በኋላ ያለው ጎበዝ ጠጋኝ ፍለጋ ነው።

ኬዝም ኮፒ፣ ማለትም አስመስሎ የተሠራ፣ አለው ታዲያ። ሰማያዊ ፕላስቲክ ስላያችሁ ዩኤስቢ 3 እንዳይመስላችሁ። የኬብሉን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሩና ውስጡን እዩ። እውነተኛው ዘጠኝ የብረት እግር አለው፤ ከአራቱ ኋላ አምስት ሌላ ይታያል። ኮፒው አራቱ ብቻ ናቸው። 20 ጊጋ በእውነተኛው አራት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በኮፒው አስር።

ዲስኩን ለመግዛት ስትሄዱ ላፕቶፕ ያዙ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫኑበት። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል፣ ጤናውንም በቀለም ያሳያል። ቢጫ ካሳየ በነጻም አትውሰዱት። አንድ ሱቅ «ሳትገዛ አይሰካም» ብሎኛል፤ አመስግኜ ወጣሁ። አሁን የምጠቀምበት ስገዛው 6,000 ሰዓት ገደማ ሠርቶ ነበር፣ እስካሁን ደህና ነው።

ብሎን መፍታት የሚያስጠላውና ዋስትና በወረቀት የሚሰጥ ሱቅ ያገኘ ሰው ፓክዱን ይግዛ፣ አልከራከርም።

ከሦስቱ ደዋዮቼ ሁለቱ ኬብል ቀይረው ዝም አሉ። ከሦስተኛው ጋር ቅዳሜ መርካቶ እንወርዳለን። ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።