ሁለት ጎማ ወይስ አራት? ለድሬዳዋ ባለ ፎር ዊል መኪኖች

የሃይሉክስ ወይም የ70 ላንድክሩዘር የኋላ ጎማዎች ሲያልቁ ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፤ በርካሽ የተገኘ ቁጥሩ የተለየ ጥንድ መግጠም፣ ወይም አራቱንም አንድ ዓይነት ማድረግ።

የመጀመሪያው ኪስ አይጎዳም። ፎር ዊል ሳይገባ ከተማ ውስጥ ለሚውል መኪናም ማርሹ ላይ ጫና አያመጣም። ፎር ዊል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። 265/70 አር 16 ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 245/70 አር 16 ደግሞ 749። ትንሹ በየኪሎ ሜትሩ 15 ያህል ዙር አብልጦ መዞር አለበት። እነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የመሃል ዲፈረንሻል (የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅድ ማርሽ) ስለሌላቸው፣ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ጫናውን ያራግፋል። ወደ ደንገጎ በሚያወጣው ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መውጫ የለውም፤ ጫናው ዘንጉና የማርሹ ጥርሶች ላይ ይጠራቀማል፣ ፎር ዊሉ አልወጣ ይላል፣ ሲብስም ጥርስ ይሰበራል። (ጎማው እኩል ቢሆን እንኳ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል መግባት የለበትም።)

አራቱን መቀየር ወጪው እጥፍ ነው። ቢሆንም ገጠር ለሚወጣ መኪና ያለማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። ገንዘቡ ካልበቃ፣ ቁጥሩም የጎማው ጥርስ ያለቀበት መጠንም ከፊተኞቹ ጋር የሚቀራረብ ያገለገለ ጥንድ ፈልጉ።