«የጋራዥ መሣሪያ ወኪል ሁኑ» የሚለውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ መኪና ያላችሁ፣ ወይም ተከራይታችሁ ለመሥራት ያሰባችሁ ወገኖች ተጠንቀቁ። «መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ ጭናችሁ ከጋራዥ ጋራዥ ሽጡ፤ የመጀመሪያውን ጭነት ብቻ ግዙ» የሚል ውል ከአከፋፋይ ከቀረበላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ያልተሸጠውን ዕቃ ማን ይረከባል? «ራሳችሁ» ካሉ ወኪል ሳትሆኑ ገዢ ናችሁ። አከፋፋዩ ትርፉን የያዘው ዕቃው መኪናችሁ ላይ በተጫነ ሰዓት ነው።

አሜሪካ ውስጥ እንደ ስናፕ ኦን (በ1920 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ) እና ማትኮ ያሉ የጋራዥ መሣሪያ ኩባንያዎች የሚሸጡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ሻጩ በኩባንያው ስም፣ ግን በራሱ ገንዘብ ይነግዳል፤ በቅናሽ ገዝቶ ለመካኒኩ በዱቤ ይሰጥና በየሳምንቱ እየዞረ ይሰበስባል። ገቢው የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ነው። መኪናው፣ ነዳጁ፣ ያልተከፈለው ዱቤ ሁሉ በእሱ ይወድቃል። ደመወዝና ኮሚሽን የሚያገኝ ተቀጣሪ ሹፌር ግን ዕቃው ባይሸጥም ዕዳ የለበትም፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

በብር እናስላው። አንድ የመፍቻ ስብስብ በ8,000 ወስዳችሁ በ10,000 ሸጣችሁ እንበል፤ ጋራዡ በሳምንት 1,000 እየከፈለ በ10 ሳምንት ይጨርሳል። ዋናችሁ የሚመለሰው በ8ኛው ሳምንት ነው፤ ትርፉ የ9ኛውና የ10ኛው ክፍያ ብቻ ነው። ባለዕዳው መጨረሻ አካባቢ ከጠፋ ትርፋችሁን ይዞ ጠፋ ማለት ነው! አምስት ስብስብ በ40,000 ወስዳችሁ አንዱ ደንበኛ ምንም ሳይከፍል ቢቀር የምትሰበስቡት ያንኑ 40,000 ነው። ከማራኪ አዘዞ፣ ከአዘዞ ጠዳ ስትመላለሱ ያለቀው ነዳጅ ከኪሳችሁ ወጣ። በመሃል እጃችሁ ባዶ ስለሚሆን አከፋፋዩ ሌላ ጭነት በዱቤ ያቀርብላችኋል፤ ዕዳው የሚገባው በዚህ በር ነው።

የመጀመሪያው ጭነት ዝርዝርም ይታይ። ከተማችን በቶዮታ የተሞላች ናት፤ ቶዮታ ላይ የሚሠራ መካኒክ በየቀኑ የሚያነሳው 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር (በሚሊሜትር) ነው፤ ጎሚስታው 21 ይፈልጋል። ሳጥኑ ውስጥ 7/16 እና 9/16 የመሳሰሉ የኢንች መፍቻዎች ከበዙ አከፋፋዩ ያልተሸጠለትን እየጫነባችሁ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መኪና ላይ ይዞራሉ።

«የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» ሲሏችሁም የተሰበረውን ማን፣ በስንት ቀን እንደሚተካ በጽሑፍ ጠይቁ። መካኒክ የራቼት (ወዲያና ወዲህ ሲሉት ቡሎን በአንድ አቅጣጫ የሚያዞር መፍቻ) እጀታ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ ሲጫን የውስጡ ጥርስ ይበላል፤ በእጅ ለመፍታት የተሠራውን የሚያብረቀርቅ ክሮም የመፍቻ ራስ በአየር መፍቻ (በአየር ግፊት በሚሠራ መፍቻ) ሲጠቀምበት ይሰነጠቃል። ለአየር መፍቻ የሚሆነው ጥቁሩ ነው። አከፋፋዩ «አላግባብ ተጠቅማችሁ ነው» ብሎ ሲመልሰው፣ መካኒኩ የቀረውን ዱቤ አልከፍልም የሚለው እናንተን ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ያልተሸጠው በ60 ወይም በ90 ቀን በገዛችሁበት ዋጋ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ይጻፍ። የምትሸጡበት ሰፈርም ይለይ፤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢን ለእናንተ ሰጥቶ በማግስቱ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ሁለታችሁም ዋጋ እየሰበራችሁ ታልቃላችሁ። ለእያንዳንዱ ጭነት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ኬላ ላይ ማስረጃ የሚጠየቀው የጫነው ሰው ነው። ማስያዣ ብር ከጠየቁም መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ሳይጻፍ ሳንቲም አትስጡ።